የማላውቃት ሴት የሰንበት ራት ሰጠችኝ፤ እንዴት ነው የሚመለሰው?

የወለቃ_ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡልኝ።

እናቴ ባለፈው ረቡዕ በድንገት ታመመችና ደቡብ ካሉት ሆስፒታሎች አንዱ ገባች። ሳንባዋ ውኃ ቋጥሮ ነው። እኔ የምኖረው እስራኤል ውስጥ ቂርያት ጋት ነው፤ መኪና የለኝም። ዓርብ ከሰዓት በኋላ አውቶቡስ ለሰንበት ሲቆም እዚያው መሐላካው (የበሽተኞች ክፍሉ) ውስጥ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጫለሁ። እንዴት ትቻት ልሂድ? ዕብራይስጧ ከ«ቶዳ» (አመሰግናለሁ) አያልፍም። ነርሷ «የት ጋ ነው የሚያምሽ?» ስትላት «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች። የእናቶቻችንን ነገር ታውቁታላችሁ።

ቦርሳዬ ውስጥ ያለው አንድ ጠርሙስ ውኃና የተረፈ ቆሎ ነው። ካፌው ለሰንበት ተዘግቷል። ፀሐይ ልትጠልቅ ጥቂት ሲቀራት አንዲት ሴት በኮሪደሩ ጋሪ እየገፋች መጣች። ስድሳ የሚሆናት፣ ሻሽ ያሰረች ፈረንጅ። በየበሩ ቆም እያለች «ለሻባት እዚህ የሚያድር አለ?» ትላለች። እኔን ስታይ አልጠየቀችኝም። ፊቴ ላይ ተጽፎ ነበር መሰለኝ። ከረጢት አንሥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። ሁለት ትንንሽ ሃላ (የሰንበት ዳቦ)፣ ዓሣ፣ ዶሮ፣ ሰላጣ፣ ለቂዱሽ፣ ለሰንበት ቡራኬ የሚሆን የወይን ጭማቂ፣ እሳት ስለማይፈቀድ ደግሞ በባትሪ የሚበሩ ሁለት ሻማዎች።

እጄን ወደ ቦርሳዬ ሰደድኩ። «ስንት ነው?» አልኳት። ሳቀችብኝ። ይልቅ የእናትሽን ስም ንገሪኝ አለች። የአያቴንም ስም ጠየቀች፤ ለታመመ ሰው ሲጸለይ በእናቱ ስም ነዋ የሚጠራው። «ጥሩወርቅ የየሺመቤት ልጅ» አልኳት። ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ። ከዚያ በዕብራይስጥ ጽፋ ስታነብልኝ እናቴ ራሷ ስሟን አላወቀችውም። ስሞታውን ሰምታ እንደገና ጻፈችው። ጋሪዋን ገፍታ ሄደች።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። ደስ አላለኝም። አፈርኩ። እውነቴን ነው የምላችሁ። ምግቡን ለሁለት ሰዓት አልነካሁትም። እኛ ቤት ሰው ይበላል እንጂ እኛ የሰው አንበላም እየተባልኩ ነው ያደግሁት። በኋላ እናቴ «አንቺ፣ ደክማ የሠራችውን አስቀምጠሽ ልታሳፍሪያት ነው?» ብላ ስትቆጣኝ ነው የበላሁት። ዓሣው ጨው አንሶታል እንጂ ጥሩ ነበር።

ስሟን እንኳን አልጠየቅኳትም። ይሄ ነገር ምንድን ነው? ድርጅት ነው ወይስ የራሷ ፈቃድ? እንዴትስ ነው የሚመለሰው?

ቡና_ጠጡ

መጀመሪያ እማማን ይማርልሽ። ቀጥሎ፣ የሆስፒታል ዶሮ ሳይሆን የሰው ቤት ዶሮ አግኝተሽ ታማርሪያለሽ እንዴ 😂

ረሆቮት_ታክሲ

እህቴ፣ ድርጅትም ይሆናል፣ የአንዲት ሴት ወጥ ቤትም ይሆናል። ብዙ ጊዜ በሁለቱ መካከል ያለ ነገር ነው። የታመመ መጠየቅ «ቢኩር ሆሊም» ይባላል። በዚህ ስም የሚሰባሰቡ ሰዎች በየከተማው አሉ። ምግቡን አምስት ስድስት ቤት ተከፋፍሎ ያበስላል፣ አንዱ መኪና ያለው ይሰበስባል፣ አንዷ ጋሪ ትገፋለች። ቢሮም ማኅተምም የላቸው ይሆናል።

ታክሲ ስለምነዳ ብዙ አይቻለሁ። ገማህ የሚባለውን ታውቂዋለሽ አይደል? «ገሚሉት ሐሳዲም» ከሚለው ነው ያጠረው፤ ቸርነት ማድረግ እንደ ማለት። ድሮ ያለ ወለድ ገንዘብ ማበደሪያ ነበር። ኦሪቱ ከድኻ ወገንህ ወለድ አትቀበል ይላልና። ዛሬ ግን የማይበደር ነገር የለም። አንድ ቀን አንዲት ሴት ከሃይማኖተኞቹ ሰፈር አሳፍሬ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ላለ ገማህ የሙሽራ ቀሚስ ልትመልስ ነበር የምትሄደው። የዚያኑ ሕንፃ ደወል ላይ ሌላ ወረቀት ተለጥፏል፤ «የሕፃን ጡጦ ጫፍ፣ ሌሊትም ቢሆን ደውሉ» ይላል። ሌሊት! ልጁ ጡጦውን ጥሎ ሲያለቅስ ሱቅ ዝግ ነዋ። ይህን ያሰበ ሰው ልጅ አሳድጓል።

ያድ ሳራ የሚባለው የሕክምና ዕቃ አበዳሪ ድርጅት ራሱ እንዲህ ነው የጀመረው። መሥራቹ ለታመመ ልጁ የእንፋሎት መሣሪያ ከጎረቤት ተዋሰ። ከዚያ «ሌላውስ?» ብሎ ጥቂት ገዝቶ ከቤቱ ማበደር ጀመረ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1976 ድርጅት አደረገውና በአያቱ በሳራ ስም ጠራው። አያቱ በናዚዎች የተገደለች ናት። በኋላ እሱ የኢየሩሳሌም ከንቲባ ሆነ። ዛሬ እግርህ ቢሰበር ክራንች የምትዋሰው ከያድ ሳራ ነው። መያዣ ታስቀምጣለህ፣ ስትመልስ ይመለስልሃል። የማን ወገን ነህ አይሉህም።

ስለዚህ እህቴ፣ ለሴትዮዋ መመለስ የለብሽም። እሷም እንድትመልሺ አይደለም የሰጠችሽ።

የወለቃ_ልጅ

አመሰግናለሁ ወንድሜ። ግን «መመለስ የለብሽም» ሲሉኝ ይብስብኛል 😅 ክራንች እኮ ይመለሳል። ዶሮ ግን አይመለስም።

ደቀ_መዝሙር

የኀፍረቱን ነገር ልንካው፤ አንቺ ብቻ አይደለሽም ያፈርሽው። ታልሙድ በሚባለው የአይሁድ ሊቃውንት መጽሐፍ ውስጥ፣ ከቱቦት በሚባለው ክፍል፣ ማር ኡክቫ የሚባል ሰው አለ። ጎረቤቱ ድኻ ነው። ማር ኡክቫ በየቀኑ አራት ዙዝ (የዚያ ዘመን ገንዘብ) በበሩ ማጠፊያ ቀዳዳ ያስቀምጥለትና ይሄዳል። ድኻው ማን እንደሆነ አያውቅም። አንድ ቀን «ዛሬስ ማን እንደሆነ አያለሁ» አለ። ያን ቀን ደግሞ ማር ኡክቫ ከትምህርት ቤት አምሽቶ ነበርና ሚስቱ አብራው እየመጣች ነው። በሩን ሲነኩት ድኻው ብቅ አለ።

ሮጡ። ባልና ሚስት፣ የተከበሩ ሰዎች፣ እንደ ሌባ ሮጡ! ፍሙ ገና መጠረጉ የሆነ ምድጃ አገኙና ገብተው ተደበቁ። የማር ኡክቫን እግር አቃጠለው። ሚስቱ «እግርህን በእግሬ ላይ አድርግ» አለችው። የሷ አልተቃጠለም።

ሊቃውንቱ «ለምን ይህን ያህል?» ብለው ይጠይቁና ይመልሳሉ፦ ሰው ባልንጀራውን በሰው ፊት ከሚያሳፍር ራሱን ወደ እሳት ቢጥል ይሻለዋል። ጋሪዋን ገፍታ ቶሎ የሄደችው ሴትም የምትሮጠው ከዚህ ይመስለኛል። ቆማ ብታዋራሽ «ምን ላድርግልሽ» ማለትሽ አይቀርም ነበር።

ቤተ መቅደሱ በነበረበት ጊዜም የምሥጢር ክፍል ነበር ይላል ሚሽና የሚባለው የሊቃውንት የሕግ መጽሐፍ። ኃጢአትን የሚፈሩ ሰዎች በስውር ያስገባሉ፤ ከደህና ቤት ወጥተው የደኸዩ ሰዎች ደግሞ በስውር ያወጣሉ። ሰጪውም ተቀባዩም አይተያዩም።

የነታንያዋ

ደቀ መዝሙር፣ ታሪኩን ከመሐል ቆረጥከው። የሴቲቱ እግር ለምን አልተቃጠለም? ወንዶች ሁሌ እዚህ ጋ ትዘሉታላችሁ።

ባሏ ከፍቶት ነበር፤ እኔ ተቃጥዬ እሷ ለምን ዳነች ብሎ። እሷ ነገረችው። «እኔ ቤት ነው የምገኘው፤ የምሰጠውም ወዲያው የሚጠቅም ነው» አለችው። እሱ የሚሰጠው ገንዘብ ነው። ድኻው ገንዘቡን ይዞ ገበያ ወርዶ፣ ገዝቶ፣ አብስሎ ነው የሚበላው። እሷ ግን የበሰለ ምግብ በእጇ ትሰጣለች። በእጇ! ፊት ለፊት። ስለዚህ የሚሸሸግ ስጦታ ብቻ አይደለም ትልቁ። የወለቃ ልጅ ያገኘችው የሚስትየውን ነው፤ የበሰለ ዓሣ። ጨው ቢያንሰውም።

ደቀ_መዝሙር

ተገሣጽሁ። እውነት ነው፤ ዘልዬዋለሁ።

አሽዶድ_ወደብ

ልረብሻችሁ ነው። ይቅርታ።

ታሪኩ ያምራል። እኔ ግን በዚህ አገር ሰላሳ ዓመት ኖሬአለሁ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1996 የኛ የቤተ እስራኤል ሰዎች የለገሱትን ደም በደግነት ተቀብለው በኋላ በድብቅ ሲደፉት የነበረ መሆኑ ጋዜጣ ላይ ሲወጣ፣ ኢየሩሳሌም ሄጄ ከሰልፈኛው ጋር ጭስ በልቻለሁ። ልጅ ነበርኩ። ደም እኮ ነው! ከደም የበለጠ ለማታውቀው ሰው ምን ትሰጣለህ? ልጄን ደግሞ አንድ ትምህርት ቤት «ቦታ ሞልቷል» ብሎኝ በሳምንቱ የጎረቤቴን ልጅ ተቀብሏል። ስም አልጠራም።

ስለዚህ የኔ አስተያየት ይሄ ነው። ለእንግዳ ደጎች ናቸው። እንግዳው ሲቀመጥ ነው ችግሩ። ዶሮ ይሰጡሃል። ወንበር ግን አይሰጡህም።

ረሆቮት_ታክሲ

ወንድሜ ሴትየዋ እናቷ ታማ ነው የጠየቀችው፤ ፖለቲካውን ሌላ ቦታ ብታደርገው

የወለቃ_ልጅ

ኧረ ተዉት ይናገር። እኔም ያፈርኩት በከፊል በዚህ ነው ብዬ አስባለሁ። ስትሰጠኝ «ለነዚህ ምስኪኖች» ብላ ይሆን የሚል ነገር ሆዴ ውስጥ ነበር። ከጎኔ የነበረው ሩሲያዊ ሽማግሌም እንደኔ ከረጢት ሲቀበል ሳይ ነው የቀለለኝ።

ደቀ_መዝሙር

አሽዶድ ወደብ የተናገረው ከርዕሱ አልወጣም። እንዲያውም ኦሪቱ የሚለው ራሱን ነው። ዘሌዋውያን 19፣ ቁጥር 34፦ ከእናንተ ጋር የሚቀመጠው እንግዳ እንደ አገር ልጅ ይሁንላችሁ፤ እንደ ራሳችሁም ውደዱት፤ እናንተም በግብፅ እንግዶች ነበራችሁና። «የሚቀመጠው» ነው የሚለው። ስለሚያልፈው መንገደኛ አይደለም። ይህ የመጻተኛ ነገር በኦሪት 36 ጊዜ ተነሥቷል ይላል ታልሙድ። አንዳንዶች 46 ነው ይላሉ። ሰው አንድ ነገር ሠላሳ ስድስት ጊዜ የሚነገረው ስለሚረሳው ነው።

ግን እውነቱን ልንገራችሁ፤ ነገሩ ቀላል አይደለም። ሊቃውንቱ በብዙ ቦታ «ገር» (መጻተኛ) የሚለውን የዕብራይስጥ ቃል ወደ ሃይማኖቱ የገባ ሰው ብለው ነው የፈቱት። በዚህ ተከልሎ «አይመለከተኝም» የሚል አይጠፋም። ለሱም ደግሞ ጊቲን የሚባለው ክፍል መልስ አለው፦ የሌላውን ሕዝብ ድኻ ከእስራኤል ድኻ ጋር አብሉ፣ በሽተኞቻቸውን ከበሽተኞቻችሁ ጋር ጠይቁ፤ ስለ ሰላም መንገድ።

የ1996ቱን ግን በጥቅስ አልሸፍነውም። ወንድሜ ልክ ነህ።

ሲልቨር_ስፕሪንግ

ከውጭ ልግባ። እኔ ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ነኝ፤ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። አሜሪካ እንደመጣሁ ለሦስት ዓመት አንዲት አይሁዳዊት አሮጊት ቤታቸው እየሄድኩ እንከባከብ ነበር። እትዬ እያልኩ ነበር የምጠራቸው፤ ስማቸው መስሏቸው ይስቁ ነበር።

ሲሞቱ ልጃቸው ደውሎ «ሽቫ እንቀመጣለን» አለኝ። ለቅሶ መሆኑ ገባኝ። ሱፌን ለብሼ፣ በሃምሳ ዶላር አበባ ገዝቼ ሄድኩ። ደወል ደወልኩ፤ የሚከፍት የለም። በኋላ ሳየው በሩ ክፍት ነው፤ ለካ ማንም አይደውልም። ገባሁ። መስታወቱ ሁሉ ተሸፍኗል። ልጆቹ ዝቅ ባለ ወንበር ተቀምጠዋል። ሰላም አልኳቸው፤ ማንም ቀና ብሎ አልመለሰልኝም። ሰውም አላናገረኝም። አበባዬን ይዤ መሐል ቤት ቆሜ! «አዝነውብኛል፤ በመጨረሻው ሳምንት ስላልመጣሁ ነው» ብዬ ላብ አጠመቀኝ።

በኋላ አንዲት ጎረቤት ኩሽና ወስዳ አስረዳችኝ። ሐዘንተኛው እስኪናገር እንግዳው አይናገርም። በሩ ክፍት የሚሆነው ሐዘንተኛ ተነሥቶ በር እንዳይከፍት፣ አስተናጋጅ እንዳይሆን ነው። አበባ አይመጣም፤ ምግብ ነው የሚመጣው። ከቀብር መልስ ያለውን የመጀመሪያ ምግብ ሐዘንተኛው ከራሱ ቤት አይበላም፤ ጎረቤት ነው የሚያመጣው። ምን አመጡ መሰላችሁ? እንቁላልና ምስር። ምስር! እኔ ደግሞ የምስር ወጥ መሥራት እየቻልኩ አበባ ይዤ።

በማግስቱ ድስት ሙሉ ይዤ ልሄድ ስል ያቺው ጎረቤት በስልክ «ቤታቸው ኮሸር ነው፣ የአይሁድን የምግብ ሕግ ይጠብቃሉ፤ ካንተ ድስት አይበሉም፤ አትከፋ» አለችኝ። አልከፋኝም፤ እኛስ በፍስክ ድስት የተሠራ በጾም እንበላለን እንዴ? ሄጄ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ለቅሶ መቀመጥ እችልበታለሁ። ልጅየው ራሱ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠና «እናቴ ምን ትልህ ነበር?» አለኝ። ሁለት ሰዓት አወራን።

ሌላ ደግሞ፣ እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ ሃያስ የሚባለው ድርጅት ቢሮ አለ። ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። የተቋቋመው ከሩሲያ ተሰደው ኒው ዮርክ ለሚገቡ አይሁዶች ነበር። ዛሬ የሚረዳው አብዛኛው ስደተኛ አይሁዳዊ አይደለም።

ጋሽ_አምቦበር

ልጆች፣ የልጅ ልጄ እየጻፈችልኝ ነው፤ ስሕተት ካለ የሷ ነው።

እናንተ ከመጽሐፍ ታወራላችሁ። እኔ ጎንደር አጠገብ፣ አምቦበር በምትባል የቤተ እስራኤል መንደር ነው ያደግሁት። ማታ ውሻ ሲጮኽ አባቴ «ማነው?» ይላል። ከውጭ «የእግዜር እንግዳ ነኝ፣ መሽቶብኝ ነው» ይባላል። አለቀ። ከዚህ በኋላ ጥያቄ የለም። የማን ልጅ ነህ፣ ከየት መጣህ የሚባለው እግሩ ታጥቦ፣ በልቶ፣ ከጠጣ በኋላ ነው። እግር የምናጥበው እኛ ልጆች ነን። በኋላ እዚህ መጥተን የአብርሃምን ታሪክ በሻባት ሲነበብ ስሰማ፣ ሦስቱን ሰዎች «ጥቂት ውኃ ይምጣ፣ እግራችሁን ታጠቡ» ሲላቸው፣ ይሄማ የአባቴ ቤት ነው አልኩ። ደግሞ አብርሃም «ቁራሽ እንጀራ ላምጣላችሁ» አላቸውና ጥጃ አረደ። አባቴም እንዲሁ ነበር። «የሚበላ የለንም» እያለ ዶሮ ያሳርዳል።

ግን እውነት እንናገር ካላችሁ፣ ከክርስቲያን ጎረቤት ጋር በአንድ ገበታ አንቀርብም ነበር። የመንጻት ሕጋችን ጥብቅ ነው፤ አትንኩኝ እያሉ ይጠሩን ነበር። እነሱም የኛን ሥጋ አይበሉም። ስለዚህ ሰርግ ሲሆን ለነሱ በጉ በሕይወት እንዳለ ይሰጣቸዋል፤ ራሳቸው አርደው ይበላሉ። የሲልቨር ስፕሪንጉ ልጅ በድስቱ እንዳልተከፋው ማለት ነው። አለመከፋት ትልቅ ነገር ነው።

ወደዚህ ስንመጣ ሱዳን ላይ ግን የእግዜር እንግዳ የሚል ሰው ብዙ ነበር፣ የሚያሳድር ጥቂት ነበር። ቀባሪ እንኳን ያጣንበት ቀን አለ። አራት ሺህ ያህል ሰው ነው የቀረብን። ያን ጊዜ አንዲት ሱዳናዊት ለታናሽ እኅቴ ወተት ሰጥታታለች። የሴትዮዋን ስም እኔም አልጠየቅሁም። እስካሁን ይቆጨኛል።

አንቺ የወለቃ ልጅ፣ እናትሽ ጥሩወርቅ የየሺመቤት ልጅ ናት አልሽ? የአያትሽ ቤት ከወፍጮው በላይ ነበር?

የወለቃ_ልጅ

ጋሼ!! አዎ፣ ከወፍጮው በላይ ነው ትላለች እማዬ። በግል እጽፍልዎታለሁ።

ቡና_ጠጡ

ይኸው ዘመድ ተገኘ 😂

ተማሪዋ

ሁላችሁም ትልቅ ትልቁን እያነሣችሁ ነው። እኔ ትንሹን ልበል። ከቤርሸባ ቴል አቪቭ በሸሩት (በጋራ ታክሲ) እመላለሳለሁ። ከኋላ ወንበር የተቀመጠ ሰው ሃምሳ ሸቀል ለፊተኛው ይሰጣል፣ ፊተኛው ለፊተኛው፣ እስከ ሾፌሩ። መልሱም በዚያው መንገድ በአምስት ሰው እጅ ይመለሳል። አንድም ቀን ሲጎድል አላየሁም። እማዬ መጀመሪያ ጊዜ ገንዘቧን ከማታውቀው ሰው እጅ አሳልፋ ስትሰጥ ዓይኗን ከብሩ አልነቀለችም። ረዳት የሌለው ታክሲ አይታ አታውቅም።

ደግሞ ዳቦው። ዳቦ ቆሻሻ ውስጥ አይጣልም፤ በፌስታል ተደርጎ ከገንዳው ጎን ይንጠለጠላል። የሚፈልግ ይወስዳል። እኛ ሰፈር አንድ ሰው ፌስታሉ ላይ «የዛሬ ነው» ብሎ ይጽፍበታል። ይቺ «የዛሬ ነው» የምትለዋ ነገር ደስ ትለኛለች። ለማላውቀው ሰው የትናንት ዳቦ እንዳልሰጥ ብሎ ያሰበ ሰው አለ ማለት ነው።

ሁሉም እንዲህ ነው አልልም። በዚያው ሸሩት ውስጥ ወረፋ የሚዘል፣ የሚጮኽ፣ እግርሽን ረግጦ የማያይሽም ሞልቷል። «ስንት ነው ደመወዝሽ?» ብሎ የሚጠይቅሽ ሰው ግን ስትወድቂ የመጀመሪያው አንሺሽ ነው። ሁለቱም አንድ ሰው ነው።

አሽዶድ_ወደብ

የሸሩቱ ትክክል ነው። እሱን አልክድም።

የወለቃ_ልጅ

ሰላም፣ ሁለት ሳምንት ሆነ። እናቴ ወጥታለች፤ ተመስገን። ሐሳብ ነበረኝ፦ ሐሙስ ሐሙስ የሰንበት ዳቦ ጋግሬ፣ እዚያው ሆስፒታል ዓርብ ጠዋት ላድል። ትልቁን ዳቦ፣ በኮባ ቅጠል ባይሆንም በወረቀት። እንዴት ነው?

የነታንያዋ

ሐሳብሽ ወርቅ ነው፤ ግን ያስቸግርሻል። የቤት ምግብ ለማያውቅሽ ሃይማኖተኛ ሰው ብትሰጪው ኮሸርነቱን አያውቅምና አይበላውም፤ እምቢ ለማለት ደግሞ ያፍራል። ሆስፒታሉም የኮሸር ወረቀት የሌለው ምግብ ሲታደል አይወድም። ዱቄትሽ ተነፍቷል ወይ፣ ከሊጡ ሃላ የሚባለው ድርሻ ተቆርሶ ወጥቶለታል ወይ፣ ምድጃሽ ምንድን ነው፣ ጥያቄው ብዙ ነው። ጋሪ የምትገፋዋን ፈልገሽ ከነሱ ጋር ብትገቢ ይሻላል።

ደቀ_መዝሙር

እኔ ሌላ ነገር ልጨምር። አብርሃም ቤርሸባ ላይ «ኤሼል» ተከለ ይላል ዘፍጥረት 21። የዛፍ ስም ነው። ሊቃውንቱ ግን እንግዳ ማረፊያ ነው ብለው ፊደሎቹን ይፈቷቸዋል፦ አኺላ መብላት፣ ሽቲያ መጠጣት፣ የመጨረሻዋን ፊደል ላሜድን ደግሞ አንዱ ሊና ማደር ይላታል፣ ሌላው ሌቫያ። የደመወዝ ወረቀታችሁ ላይ «እሼል» የሚል የውሎ አበል አይታችሁ ከሆነ ይኸው ነው፤ የአብርሃም ድንኳን ሂሳብ ክፍል ገብቶ 😄

ሌቫያ ማለት ሽኝት ነው። ራምባም የሚባለው ታላቅ የአይሁድ ሊቅ ከማብላትም ከማሳደርም የሽኝት ዋጋ ይበልጣል ይላል። አብርሃምም እንግዶቹን ካበላ በኋላ ሊሸኛቸው አብሮ ሄደ። ያለ ኮሸር ወረቀት የሚሰጥ ነገር ፈልጊ ለማለት ነው።

ጋሽ_አምቦበር

እኛ እስከ ወንዝ ነበር የምንሸኘው። ሳይሻገር አንመለስም።

የወለቃ_ልጅ

እሺ፣ የመጨረሻዬ ነው፤ ከዚያ ክሩን እዘጋዋለሁ።

ጋሪ የምትገፋዋን አላገኘኋትም። የዚያ ሳምንት ተረኛ ሌላ ሴት ነበረች፤ ማን እንደሆነች አታውቅም፤ «እኛ ብዙ ነን» አለችኝ። ግን ዋና ነርሷ ዘንድ ሄጄ «አማርኛ ብቻ የሚችል በሽተኛ አለ?» አልኳት። ክንዴን ያዘችኝ። ሁለት አሉ አለችኝ። አንደኛው ሽማግሌ ሦስት ቀን ሙሉ «ደህና ነኝ» ሲሉ ሰንብተዋል። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ «አባባ፣ እውነቱን ይንገሩኝ» ስላቸው፣ ለካ ሌሊት ሌሊት እግራቸው ይደነዝዛል፤ ሐኪሙን ላለማስቸገር ዝም ብለው ነው። ነርሷ ስትጽፍ እሳቸው «እንዲህ ያለ ነገርም ይነገራል እንዴ?» ይላሉ።

አሁን በየሐሙሱ እሄዳለሁ። ዳቦ የለኝም። አፌን ነው የማመጣው።

ባለፈው ሐሙስ አንዲት እማማ ነበሩ፣ ክንዳቸው ላይ ግሉኮስ የተሰካ። ሰዓቴ ደርሶ «ልሂድ እማማ፣ አውቶቡሴ ያመልጠኛል» ስላቸው ከአልጋቸው መውረድ ጀመሩ። «ኧረ ይተኙ» አልኳቸው። አልሰሙኝም። ነጠላቸውን አጣፉ፣ የግሉኮሱን ብረት በአንድ እጃቸው እየገፉ፣ ጎማው እየጮኸ፣ በኮሪደሩ ተከተሉኝ። ነርሷ ከሩቅ «ሳቭታ (አያቴ)! ወዴት?» ብላ ጮኸች። እማማ ዘወር ሳይሉ «ምን ትላለች?» አሉኝ። «ወዴት ነው ትላለች» አልኳቸው።

«እንግዳ ልሸኝ ነው በያት» አሉ። ሊፍቱ እስኪመጣ ቆሙ።

አሽዶድ_ወደብ

የተናገርኩትን አላነሣም። ግን ሐሙስ ማታ ከዚያ በኩል ነው የማልፈው፤ መኪናዬ ባዶ ነው። ቂርያት ጋት መንገዴ ነው።

ቡና_ጠጡ

ሊፍቱ መጣ ወይስ አሁንም ቆመዋል? 😂